የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባለርስት ቤተሰብን ዘር በኑዛዜና በመሬት መዝገብ እንዴት እንቆጥራለን?

በእንግሊዝ አገር ታሪክ የሚያጠኑ ተማሪዎችና ከእንግሊዝ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ የተዛመዱ ወገኖች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የቤተሰቡን ዘር ወደ ኋላ እየቆጠርን እስከ 1538 ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ተዘጋብን፤ በምን እንቀጥል?» የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍሩ የታዘዙት በ1538 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ልደትንና ሞትን በተርታ የያዘ መዝገብ አይገኝም። ቤተሰቡ ባለርስት ከነበረ ግን ሌላ መንገድ አለ። በእንግሊዝኛ «ጄንትሪ» የሚባሉት፣ ከታላላቆቹ መሳፍንት በታች፣ ከአራሹ ገበሬ በላይ ሆነው ከመሬታቸው በሚያገኙት ገቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ ሲሞቱ ኑዛዜ ይተዉ ነበር፤ መሬታቸውም ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዱካው በንጉሡ ጽሕፈት ቤትና በፍርድ ቤት ይቀር ነበር።

ይህ መመሪያ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ኑዛዜ የሰዎችን ስም ይሰጣል፤ ማን የማን ልጅና ወራሽ እንደሆነ በአስተማማኝነት የሚያሳየው ግን የመሬቱ መዝገብ ነው። ስለዚህ ደሙን የሚፈልግ ሰው መሬቱን መከተል አለበት። በምሳሌነት የምጠቀመው በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ ይኖር የነበረውን የፓስተን ቤተሰብ ነው፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎቻቸውና ኑዛዜዎቻቸው በብዛት ስለተረፉ ደረጃዎቹን በእነሱ ላይ ማሳየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እርሳስና ደብተር። የብዕር ቀለም ብራና ላይ ከፈሰሰ ስለማይለቅ ቤተ መዛግብት በንባብ ክፍላቸው ብዕር አይፈቅዱም።
- የእንግሊዝ ነገሥታትን የዘመነ መንግሥት ዓመታት ከተራው ዓመት ጋር የሚያመሳክር ሠንጠረዥ፣ ከእሱም ጋር የቅዱሳን በዓላት ዝርዝር።
- የመካከለኛው ዘመን ላቲን የቃላት መፍቻ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ኑዛዜዎች በአብዛኛው በላቲን ናቸው፤ እንግሊዝኛው እየበዛ የሚሄደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው።
- የዘመኑን የእጅ ጽሕፈት ፊደላት የሚያሳይ ገበታ። በለንደን ኪው የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የእጅ ጽሕፈት ንባብንም ሆነ የመዝገብ ላቲንን በድረ ገጹ በነጻ ያስተምራል።
- የአጥቢያ ድንበሮችን የሚያሳይ የአውራጃው ካርታ።
- ለእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የመሬቱ ስም፣ ቀን፣ የመረጃው ምንጭ እና የእርስዎ ግምት በተለያየ ዓምድ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ። ግምቱ ከመረጃው ጋር በአንድ ዓምድ ከተጻፈ ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው ከሰነድ እንደመጣ፣ የትኛው ከራስዎ እንደመጣ መለየት ያቅትዎታል።

ደረጃ 1፦ ከስሙ አስቀድመው መሬቱን ይለዩ

በእርግጠኝነት ከሚያውቁት የመጨረሻ ሰው ይጀምሩና የያዘውን መሬት ስም በሙሉ ይዘርዝሩ። መሬቱ የሚቆጠረው «ማኖር» በሚባል ክፍል ነው፤ ማኖር የራሱ ጭሰኞችና የራሱ ችሎት ያለው፣ ከሞላ ጎደል እንደ ጉልት የሚታይ ይዞታ ነው። የቤተሰብ ስም ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት አጻጻፉ ወጥ ስላልነበረ ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ላይ የአንድን ሰው ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ሊጽፈው ይችላል። ከዚህም በላይ ብዙ ስሞች ከመንደር ስም የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቤተሰቦች አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። ፓስተን ራሱ የመንደር ስም ነው። ማኖሩ ግን ቦታውን አይለቅም፤ ስሙም ከሰው ስም ይልቅ ጸንቶ ይኖራል።

ደረጃ 2፦ ኑዛዜው በየትኛው ፍርድ ቤት እንደጸደቀ ይወስኑ

እስከ 1858 ድረስ በእንግሊዝ ኑዛዜ የሚያጸድቁት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። የሟቹ ንብረት በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ በጳጳሱ ወይም ከእሱ በታች ባለው የሊቀ ዲያቆን ችሎት ይታያል፤ ንብረቱ ከአንድ በላይ በሆኑ ሀገረ ስብከቶች ከተበተነ ግን ወደ ሊቀ ጳጳሱ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ባለርስቶቹ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት አውራጃ መሬትና ከብት ስለነበራቸው፣ ፍለጋውን ከላይ መጀመር ያዋጣል።

መጀመሪያ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት መዝገቦችን ይፈትሹ። ከ1384 ጀምሮ ያሉት በኪው «ፕሮብ 11» በሚል ምልክት የተቀመጡ ሲሆን በተናዛዡ ስም በድረ ገጽ ይፈለጋሉ። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን በለንደን በላምበዝ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የሊቃነ ጳጳሳቱን መዝገቦች ማየት ያስፈልጋል። ለሰሜን እንግሊዝ በዮርክ ከተማ ያለው የቦርትዊክ ተቋም ከ1389 ጀምሮ ያሉ የኑዛዜ መዝገቦችን ይዟል። ለኖርፎክና ለአካባቢው የኖሪች ጳጳስ ፍርድ ቤት ኑዛዜዎች ከ1370 ጀምሮ በኖርፎክ መዝገብ ቤት ይገኛሉ። በለንደን ከተማ ቤት ወይም ሱቅ የነበረው ሰው ከሆነ ደግሞ ከ1258 ጀምሮ ኑዛዜ ሲመዘግብ የኖረውን የከተማዋን ሀስቲንግ ችሎት አይርሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኑዛዜው አልተገኘም ማለት አልተጻፈም ማለት አይደለም። ለምሳሌ በኤክሰተር ከተማ ተከማችተው የነበሩት የዴቨን ኑዛዜዎች በ1942 በአየር ድብደባ ተቃጥለዋል። ስለዚህ «ኑዛዜ የለውም» ብለው ከመጻፍዎ በፊት የአካባቢው መዝገብ ራሱ መትረፉን ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ኑዛዜውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይገልብጡ

ስም ብቻ እየለቀሙ ማለፍ ትልቁ ፈተና ነው። ሙሉውን ቃል በቃል ይገልብጡ። ኑዛዜው የራሱ ቅደም ተከተል አለው፦ ተናዛዡ ነፍሱን ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን አደራ ይሰጣል፤ የሚቀበርበትን ቦታ ይናገራል፤ ሳይከፈል ለቀረ አሥራት ለአጥቢያው መንበር ገንዘብ ይተዋል፤ ከዚያ «ኢተም» (እንዲሁም) በሚል ቃል እየተጀመረ ለእያንዳንዱ ሰው የተተወው ነገር ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም የኑዛዜው አስፈጻሚዎችና ምስክሮች ይጠራሉ። ከሁሉ በታች ፍርድ ቤቱ ያጸደቀበት ቀን ይጻፋል። ሰውዬው የሞተው ኑዛዜው በተጻፈበትና በጸደቀበት ቀን መካከል ስለሆነ፣ ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ መዝግቡ።

የቀብሩ ቦታ ተራ ነገር አይደለም። የጆን ፓስተን ሚስት የነበረችው ማርጋሬት ከባሏ ጎን መቀበርን አልመረጠችም፤ በማውትቢ ቤተ ክርስቲያን፣ የእሷ አባቶች በተቀበሩበት እንድትቀበር ተናዘዘች፤ ምክንያቱም የማውትቢ ርስት ወራሽ እሷ ነበረች። በመቃብሯ ድንጋይ አራት ማዕዘን ላይ አራት የቤተሰብ አርማ እንዲቀረጽ አዘዘች፤ አንዱ የባሏና የእሷ፣ ሌላው የማውትቢና የሪደሙ በርኒ ቤተሰብ፣ ማለትም የአባቷና የእናቷ ነው። ስም ብቻ የሚለቅም አንባቢ ይህን አንቀጽ እንደ ጌጥ አይቶ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ሴትዮዋ የራሷን ትውልድ በድንጋይ ላይ እየቆጠረች ነበር።

በዚሁ ኑዛዜ ላይ የሴት ልጇ የማርጀሪ ልጅ ለሆነው ለጆን ካል 20 ፓውንድ ትታለታለች፤ ለአካለ መጠን ሳይደርስ ቢሞት ገንዘቡ ለወንድሞቹ ለዊልያምና ለሪቻርድ እንዲከፈል ትላለች። ማርጀሪ በ1469 የቤተሰቡን መሬት አስተዳዳሪ ሪቻርድ ካልን ያለ እናቷ ፈቃድ በማግባቷ ከቤት የተባረረች ልጅ ነበረች። አንዲት «ቢሞት» የምትል ሐረግ ሦስት የልጅ ልጆችን በቅደም ተከተል አስገኘች። ስለዚህ የመተኪያ ሐረጎችን በሙሉ በጥንቃቄ ያንብቡ።

በሚገለብጡበት ጊዜ ቁጥሮች ላይ ይጠንቀቁ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ «ማርክ» በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ አንድ ማርክ 13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ፣ ማለትም የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ወደ ዘመናዊው አቆጣጠር ይመልሱ

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የዓመቱ ቁጥር የሚለወጠው በጃንዋሪ 1 ሳይሆን በማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበር። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 29 የሚከበረው በዓል በጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ያው ማርች 25 ነው። ውጤቱን በማርጋሬት ኑዛዜ ላይ ማየት ይቻላል፦ በጽሑፉ ላይ ያለው ቀን ፌብሩዋሪ 4፣ 1481 ሲሆን፣ ዛሬ በምንቆጥረው ግን 1482 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ባለው ቀን የተጻፈ ማንኛውም ሰነድ ላይ አንድ ዓመት ይጨምሩ፤ በማስታወሻዎ ላይም ሁለቱንም ዓመት «1481/2» ብለው ይጻፉ።

የመንግሥት ሰነዶች ደግሞ ቀኑን በንጉሡ ዘመን ይቆጥራሉ። የሄንሪ 6ኛ ዓመት የሚጀምረው በሴፕቴምበር 1 ነው፤ የመጀመሪያውም 1422 ነበር። ዳኛው ዊልያም ፓስተን የሞተበት ኦገስት 1444 የንጉሡ 22ኛ ዓመት ሲሆን፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያለው ኦክቶበር 1444 ግን 23ኛ ዓመት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው በሁለት ሰነዶች መካከል የሌለ የአንድ ዓመት ክፍተት ይፈጥራል።

ማስጠንቀቂያ፦ «በቅዱስ ሚካኤል ዕለት» የሚል ቃል ሲያነቡ ኅዳር 12ን አያስቡ። የእንግሊዞቹ የሚካኤል በዓል ሴፕቴምበር 29 ነው። በበዓል የተጻፈን ቀን ሁሉ በምዕራባውያኑ የበዓላት ዝርዝር ብቻ ይፍቱ።

ደረጃ 5፦ የዝምድና ቃላትን እንደ ዛሬ አይተርጉሙ

በአማርኛ የአጎትን ልጅ «ወንድሜ» ብለን እንደምንጠራ ሁሉ፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ወንድም» የእህት ባል ሊሆን ይችላል፤ «ልጅ» የሚለውም አማችን ወይም የእንጀራ ልጅን ሊያመለክት ይችላል። «ከዝን» የሚባለው ከልጅና ከወንድም በቀር ማንኛውንም የሥጋ ዘመድ፣ የልጅ ልጅንም ጨምሮ ይሸፍናል። በላቲን «ኔፖስ» የወንድም ልጅም የልጅ ልጅም ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ በሠንጠረዡ ይጻፉ እንጂ ወደ ዛሬው ዝምድና ቀይረው አያስገቡ፤ ትርጉሙን የሚወስነው ሌላ ሰነድ ነው።

«ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚሉ ቅጽሎችም አባትና ልጅ ማለት ላይሆኑ ይችላሉ። በ1466 የሞተው የማርጋሬት ባል ጆን ፓስተን ጆን የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ሁለቱም አድገው፣ ሁለቱም በአንድ ዘመን ኖረው፣ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። «ሁለት ወንድማማች አንድ ስም አይይዙም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሞቷል» የሚለው ግምት በዚህ ቤተሰብ ላይ ቢሠራበት ኖሮ አንድ ሕያው ሰው ከትውልዱ ይፋቅ ነበር።

ደረጃ 6፦ በኑዛዜው ውስጥ የሌለውን ይጠይቁ

በአብዛኛው የአገራችን የርስት ሥርዓት ወንድም ሴትም ልጅ ከርስቱ ድርሻ ስላለው፣ የእኛ አንባቢ በኑዛዜ ላይ ስሙ ያልተጠራውን ልጅ እንዳልተወለደ ወይም እንደተካደ አድርጎ ለማየት ይፈጥናል። በእንግሊዝ ግን መሬቱ በተለምዶ በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ያልፋል። በኩሩ ድርሻው በሕግ ስለሚደርሰው በኑዛዜው ላይ ጨርሶ ላይጠራ ይችላል፤ ያገባች ሴት ልጅም ጥሎሿን ቀድማ ስለወሰደች ልትቀር ትችላለች። ባል ያላት ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ኑዛዜ መተው ስለማትችል፣ የሚገኙት የሴቶች ኑዛዜዎች በአብዛኛው የባልቴቶች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። እስከ 1540 ድረስ፣ ልማዳቸው ከሚፈቅድ ከተሞች በስተቀር፣ መሬትን በኑዛዜ ማስተላለፍ በሕግ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ባለርስቶቹ በሕይወት እያሉ መሬታቸውን «ፊዮፊ» ለሚባሉ ባለአደራዎች ያስተላልፉና፣ ባለአደራዎቹ መሬቱን ለማን እንደሚሰጡት በኑዛዜያቸው ያዛሉ። የኑዛዜው የመሬት ክፍል ብዙ ጊዜ ከንብረቱ ክፍል ተለይቶ ይጻፋል፤ አንዱ ብቻ ተመዝግቦ ሌላው የጠፋበት ጊዜም አለ። የባለአደራዎቹን ስም በሙሉ ይመዝግቡ፤ ብዙዎቹ የሚስት ወንድሞች፣ አማቾችና ጎረቤት ባለርስቶች ስለሆኑ የጋብቻውን መረብ ያሳያሉ።

ደረጃ 7፦ ከሞት በኋላ የተደረገውን ምርመራ ይፈልጉ

ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ ይህ ነው፤ በላቲን ስሙ «ኢንኩዊዚሲዮ ፖስት ሞርተም» ይባላል። መሬቱን በቀጥታ ከንጉሡ እጅ የያዘ ሰው ሲሞት፣ የንጉሡ የርስት ሹም የአካባቢውን ሰዎች አስምሎ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ሟቹ ምን መሬት ነበረው፣ መቼ ሞተ፣ ወራሹ ማን ነው፣ ዕድሜውስ ስንት ነው? ንጉሡ የሚጠይቀው ለራሱ ጥቅም ነው፤ ወራሹ ለአካለ መጠን ካልደረሰ መሬቱንም ሞግዚትነቱንም እሱ ይወስዳል። መዝገቦቹ ከ1230ዎቹ ጀምሮ በኪው ይገኛሉ፤ የሄንሪ 6ኛ ዘመን የሆኑት ለምሳሌ «ሲ 139» በሚል ምልክት ተቀምጠዋል። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጠቃሎ ታትሟል፤ ከ1447 እስከ 1483 ያለው ክፍል ግን እንደ ሌላው በዝርዝር ስላልታተመ ዋናውን ላቲን ለማንበብ ይዘጋጁ።

የአባትየውን ብቻ አይፈልጉ፤ ባልቴቷ ከመሬቱ አንድ ሦስተኛውን በሕይወቷ ሙሉ ስለምትይዝ፣ እሷ ስትሞት ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል። ወንድ ልጅ ከሌለ መሬቱ ለሴቶች ልጆች እኩል ስለሚከፈል፣ እንዲህ ያለው ምርመራ እህቶችን ሁሉ ከነባሎቻቸው ይዘረዝራል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚለው ቃል ሰውዬው 21 ዓመት ሞላው ማለት አይደለም፤ ለአካለ መጠን ደርሷል ማለት ብቻ ነው፤ 45 ዓመት ሊሆነው ይችላል። «ምንም መሬት አልነበረውም» የሚል መልስም ድህነትን አያሳይም፤ መሬቱን ቀድሞ ለባለአደራዎች አስተላልፎት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ የመሬት ስምምነትንና ሙግትን ይከተሉ

ከ1195 ጀምሮ በንጉሡ ፍርድ ቤት የሚደረግ የመሬት ስምምነት በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይጻፍና ተቆርጦ፣ የግርጌው ቅጂ በፍርድ ቤቱ ይቀራል። እነዚህ የግርጌ ቅጂዎች እስከ 1509 ድረስ «ሲ ፒ 25/1» በሚል ምልክት ይገኛሉ። ባልና ሚስት በአንድነት መሬት ከሸጡ፣ መሬቱ ብዙ ጊዜ ከሚስት ወገን የመጣ ስለሆነ የእናትን ቤተሰብ ለማግኘት መነሻ ይሆናል።

የሙግት መዝገቦቹ ደግሞ ትውልድ ራሱ የሚቆጠርባቸው ናቸው። በእኛ አገር የርስት ተከራካሪ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን በሸንጎ እንደሚቆጥር ሁሉ፣ የእንግሊዙም ተከራካሪ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደወረደ በችሎት መዘርዘር ነበረበት። ከ1273 ጀምሮ ያሉት «ሲ ፒ 40» ጥቅሎች ፎቶግራፍ በአሜሪካ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። ለቻንስለሩ (የንጉሡን ማኅተም ለሚጠብቀው ከፍተኛ ሹም) የቀረቡት አቤቱታዎች፣ ማለትም «ሲ 1»፣ ብዙ ጊዜ ቀን ባይኖራቸውም የተጻፉለት ቻንስለር የትኛው እንደሆነ ከታወቀ በሹመት ዘመኑ ይወሰናሉ።

ክርክሩን የረታውን ወገን መዝገብም ይመልከቱ። ሰር ጆን ፋስቶልፍ በ1459 ያለ ልጅ ሲሞት ጆን ፓስተን ርስቱን በኑዛዜ ወረስኩ ብሎ ለዓመታት ተሟገተ፤ በመጨረሻ የመሬቱ ትልቅ ክፍል በኦክስፎርድ ለሞድሊን ኮሌጅ ስለደረሰ፣ የፋስቶልፍ ብዙ ሰነዶች ዛሬም በዚያው ኮሌጅ ይገኛሉ። ቤተሰቡ ያጣው መሬት ወረቀቱን ይዞ እንደሚሄድ ያስታውሱ።

ደረጃ 9፦ የተዘጋጁ የትውልድ ሐረጎችን ለመፈተሽ ብቻ ይጠቀሙ

ከ1530 እስከ 1688 ድረስ የአርማ ሹማምንት በየአውራጃው እየዞሩ የባለርስቶችን የትውልድ ሐረግ መዝግበዋል። የተናጋሪው አባትና አያት ብዙ ጊዜ ትክክል ናቸው፤ ከዚያ ወደ ላይ ያለው ግን ቤተሰቡ የነገራቸው ነው። ቤተሰብ ደግሞ ጥቅም አለው። የፓስተኖች ጠላቶች የቤተሰቡ አያት ክሌመንት መሬቱን ራሱ የሚያርስ፣ እህሉን ጭኖ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ወደ ወፍጮ የሚሄድ ገበሬ ነበር የሚል ጽሑፍ አሠራጩ። ቤተሰቡም በ1466 ከፈረንሳይ መጣ ከተባለ ዉልስታን ከሚባል ቅድመ አያት የሚወርድ ሐረግ አቅርቦ በንጉሡ ዘንድ ጨዋነቱን አስመሰከረ። ዉልስታን የሚለው ስም ግን የጥንት እንግሊዞች ስም ነው። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱንም ያለ መሬት መዝገብ መቀበል አይገባም።

የተለመዱ ስህተቶች

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ከሚፈለገው ሰው ጋር ስሙ የገጠመውን የመጀመሪያ ኑዛዜ መውሰድ ነው። የኑዛዜው መሬት ከሚያውቁት ማኖር ጋር ካልገጠመ፣ ስሙ ቢመሳሰልም ለጊዜው ወደ ጎን ያኑሩት። ሁለተኛው፣ «የአሁኗ ሚስቴ» የሚለውን ቃል አይቶ ቀዳሚ ሚስት መፍጠር ነው፤ ሐረጉ ኑዛዜው በተጻፈበት ቀን ያለችውን ሚስት ለይቶ ለማመልከት የሚጻፍ የሕግ ቋንቋ ነው። ሦስተኛው ከጋብቻ ውጭ የተወለዱትን መዝለል ነው፤ ማርጋሬት ፓስተን የልጇን የሰር ጆንን ዲቃላ ኮንስታንስን በስሟ ጠርታ ገንዘብ ትታላታለች፤ በርስት ምርመራ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ይህችን ልጅ ከቶ አያገኛትም። አራተኛው የታተመን ማጠቃለያ እንደ ዋናው ሰነድ መጥቀስ ነው። ማጠቃለያው ምስክሮችንና ለአገልጋዮች የተተወውን ይጥላል፤ የዝምድናው ፍንጭ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ደረጃ 10፦ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለብቻው ይመዝኑ

ሐረጉን በመጨረሻ ሲጽፉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ መስመር ሰነዱን ከጎኑ ያስፍሩ። ኑዛዜና የመሬት መዝገብ ከተስማሙ «የተረጋገጠ» ይበሉት፤ አንዱ ብቻ ከሆነ «ሊሆን የሚችል» ይበሉት፤ ከስምና ከቦታ መመሳሰል በቀር ሌላ ከሌለ መስመሩን በነጠብጣብ ይሳሉትና የትኛው ማኖር፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መዝገብ ሊፈተሽ እንደሚገባው ከሥሩ ይጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቤተ መዛግብት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያዝዙት ጥቅል ያ ነው።